አያ ወርቅአፈራሁና የሳንጃው ፂማም

አያ ወርቅአፈራሁ ከድብ ባሕር መጥተው ጎንደር ከገቡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ፒያሳ ላይ የአንድ ፎቅ ቤት ዘበኛ ናቸው። በዚያው ፎቅ ላይ ሠዓሊው መለሰ የሚሠራባት ጠባብ ክፍል አለች። መለሰ የሰው መልክ ይሥላል። አንድ ቀን ደረጃውን ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ አያቸውና፣

«አያ፣ ይኼን ፊት የት ደብቀውት ነው የኖሩት?» አላቸው።

ከዚያ ወዲህ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተረኛው ሲቀይራቸው ይወጡና ይቀመጡለታል። ገበሬ ሲሥል እሳቸውን፣ ሽማግሌ ሲሥል እሳቸውን፣ ጻድቅ ሲሥልም እሳቸውን ነው። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ እንደ መለሰ ትክ ብሎ ያያቸው ሰው የለም። ይህን ለማንም አልተናገሩም። እንዴትስ ይናገሩታል? ሽማግሌ ሰው «እዩኝ» ይላል እንዴ?

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ግን ደመቀ የሚባል የሳንጃ ሰሊጥ ነጋዴ መጣ። ዕድሜው ሃምሳ ቢሆን ነው፤ ቁመቱ ዘንግ የመሰለ፣ ፂሙ ደረቱን የሞላ። መለሰ መንገድ ላይ አይቶ፣ ለምኖ ነው ያመጣው።

«አያ፣ ይኼን ፂም አዩልኝ? ሸጋ አይደለም?»

«ሸጋ ነው» አሉ። «ፍየልም አለው።»

ደመቀ በተቀመጠ ቀን እሳቸው ደረጃው ሥር ሆነው ያዳምጣሉ። ሳቅ ይሰማል። መለሰ እሳቸውን ሲሥል ስቆ አያውቅም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሠራ።

በሳምንቱ መለሰ ጠራቸው። ትልቅ ሸራ ወጥሯል። ደስ ብሏቸው እንደ ልማዳቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ዛሬ ፊትዎን ወደ ግድግዳው ያዙሩልኝ። በጎን ነው የምሥልዎ።»

«በጎን?»

«አዎ፣ በጎን።»

ባደጉበት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቃን ሁሉ በሁለት ዓይናቸው ያያሉ። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ይሁዳ ነው። መለሰም ሥዕል የተማረው ከቄስ ነውና ይህ አይጠፋውም። ፂማሙ ጻድቅ፣ እኔ ይሁዳ! አሉ በልባቸው። «ወገቤን አሞኛል» ብለው ወረዱ።

በነጋታው ደመቀ መጣ። አያ ወርቅአፈራሁ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት።

«መለሰ አለ፣ አያ?»

«የለም። አንተንም አትምጣ ብሏል። ሌላ ሰው አግኝቷል።»

«ምነው? ምን አጠፋሁ?»

«እኔ ምን አውቄ። ዘበኛ ነኝ።»

ደመቀ ተመልሶ ሄደ። አያ ወርቅአፈራሁ ደስ የሚላቸው መስሏቸው ነበር። ደስ ግን አላላቸውም።

ረፋዱ ላይ መለሰ ወረደ። «ደመቀ ቀረ፤ ስደውልም አያነሳም። እርስዎ ደግሞ ወገቤን አሉ። እንግዲህ ሥዕሉ ቀረ።»

«እሱን ጻድቅ አድርገህ ለብቻው ሣለዋ! እኔን ይሁዳ ለማድረግ ምን አስቸኮለህ?»

መለሰ አፉን ከፍቶ አያቸው። «የምን ይሁዳ? ዕርቅ እኮ ነው የምሥለው፤ ደም የተቃቡ ሁለት ሰዎች ሲታረቁ። እሱም በጎን ነው፣ እርስዎም በጎን። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ሲተያይ ሌላ እንዴት ተደርጎ ይሣላል?» ትክ ብሎ አያቸውና፣ «ይቅር ሲል የሚያምርበት ፊት ከእርስዎ ሌላ አላውቅም ብዬ ነው» አለ።

አያ ወርቅአፈራሁ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ የራሳቸውን ስልክ ከኪሳቸው አወጡ።

«ቁጥሩን ንገረኝ።»

ደመቀ አነሳ። የመኪና ድምፅ ይሰማል።

«እኔ ነኝ፣ ዘበኛው። ዋሽቼሃለሁ። መለሰ እየጠበቀህ ነው።»

«ምነው አያ! ለምን ዋሹኝ?»

መለሰ አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል። ዞር በልልኝ ሊሉት ፈለጉ፣ አልቻሉም።

«ቀንቼ» አሉ።

የዘጋባቸው መሰላቸው። ወዲያው ደመቀ በሌላ ሰው ላይ ሲጮህ ሰሙት፤

«ሾፌር! ወራጅ አለ!»