«ስርጉት፣ ና!»

አማርኛ ወንዱን «ና»፣ ሴቷን «ነይ» ይላል። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ እናት ከጡቷ ጋር የምታጠጣው ነገር ነው። አማርኛን ገበያ ላይ፣ ሽንኩርትና ጨው ሲሸጥ ሰምቶ ለለመደ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የመንጌዋ ሲትና እቤቷ በርታኛ፣ ቁርአን ስትቀራ ዐረብኛ፣ ከሰፋሪው ጋር ደግሞ አማርኛ እየተናገረች ያደገች ልጅ ነበረች። አማርኛዋ ውስጥ ሴት የሚባል ፍጥረት አልነበረም። እናቷም «አንተ»፣ ፍየሏም «አንተ»፣ ጓደኛዋ ስርጉትም «አንተ»።

ነገሬ ስለ ስርጉት ነው። ስርጉት የሰፋሪ ልጅ ናት። እናቷ የሺሀረግ በሰባ ሰባቱ ድርቅ በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና ከወሎ መጥታ አሶሳ ዙሪያ የሰፈረች፣ ዛሬም ድረስ የወሎ ለዛዋ ያልለቀቃት ሴት ናት። ስርጉት የተወለደችው እዚሁ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር፣ እቤት ተቀምጣ ጣሪያ ከመቁጠር ብላ፣ ገበቴዋን ይዛ ወርቅ ልታጥብ መንጌ ሄደች። ሲትናን ያገኘቻት እዚያ ነው። እኩዮች ናቸው፤ ሲትና ግን ሥራውን ከእናቷ ከሀዋ የወረሰች፣ ገበቴ ይዛ የተወለደች የምትመስል ነበረች።

ሁለት ሆነው አንድ ጉድጓድ ያዙ። አንዷ ግድግዳው ላይ የተቆረጡትን መርገጫዎች እየረገጠች ትወርድና ትቆፍራለች፤ ሌላዋ ከላይ ሆና አፈሩን በባልዲ ትስባለች። የላይኛዋ ዋና ሥራ ግን ባልዲው አይደለም፣ የጉድጓዱን አፍ መጠበቅ ነው። አፈር ሊናድ ሲል ቀድሞ ይናገራል፤ ከጠርዙ ላይ እንደ ሽሮ ዱቄት ደቀቅ ያለ ነገር መፍሰስ ይጀምራል። ያን ጊዜ ከላይ ያለችው ትጣራለች፣ ከታች ያለችው ለምን ሳትል፣ ዶማዋን እንኳ ሳታነሳ ትወጣለች። ስርጉት ከላይ ስትሆን «ነይ!» ትላለች። ሲትና ከላይ ስትሆን «ና!» ትላለች። በዚያች «ና» ስርጉት ሁለት ጊዜ ከሞት አፍ ወጥታለች።

ሲትና ጠዋት ሰግዳ፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሰላም ብላ ስትጨርስ፣ ቀጥ ብላ መጥታ የስርጉትን ቀኝ ትከሻ በመዳፏ ቸብ ታደርጋለች።

«መላይካህን ቀሰቀስኩልህ። ዛሬ ሥራ አለው።»

መላይካ የምትለው መልአክን ነው። በሰው ትከሻ ላይ በቀኝና በግራ ተቀምጠው እንደሚውሉ ታምናለች።

«የእኔ ዑቃቤ መልአክ ይባላል፤ ተኝቶ አያውቅም» ትላታለች ስርጉት ትከሻዋን እያሻሸች።

«ያንተ ይተኛል። እኔ አይቻለሁ።»

ይስቃሉ። ቸብታው ግን የቆፋሪ እጅ ነውና ያማል።

እንዲህ ሲሉ ከረሙ። ከዚያ ከፓዌ የመጣ ታምሩ የሚባል ቆፋሪ ማዶ ካሉት ወንዶች ጋር መጥቶ ሰፈረ። ስርጉት ታምሩ በመጣ በሳምንቱ ፀጉሯን ተሠራች፤ ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልግም። አንድ ቀን ወንዶቹ በተቀመጡበት በኩል ወገቧን ይዛ ስታልፍ፣ ሲትና ከማዶ ድምፅዋን ለቀቀችው።

«ስርጉት፣ ና! አንተ ሴት! ሻይ ቀዘቀዘ!»

ወንዶቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዱ «ታምሩ፣ ያቺ የምታያት ልጅ ወንድ ኖሯል እኮ» አለ። ታምሩም ሳቀ። የስርጉት ፊት በርበሬ መሰለ። ሲትና ዘንድ እስክትደርስ እንኳ አልታገሠችም፤ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«ሁለተኛ እንዳትጠሪኝ! አማርኛ እስክትማሪ ድረስ ስሜን እንዳታነሺው!» አለቻት።

ሲትና የሻይ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። «እሺ» አለች። «እኔ ይማራል።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። በማግስቱ ስርጉት ኩርፊያዋን ታቅፋ ላስቲክ ቤቷ ውስጥ ዋለች። ሲትና ጠበቀቻት፣ ጠበቀቻት፣ በኋላ ብቻዋን ወረደች። ከላይ ሆኖ የሚጣራላት ሰው አልነበረም። አፈሩ የወረደባት ረፋድ ላይ ነው።

ስርጉት ለቅሶ አልደረሰችም። በአገራችን ለቅሶ አለመድረስ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መንገር አያሻም። እግሯ እምቢ አላት፤ ሀዋን በየትኛው ዓይኗ ትያት? ዕቃዋን ጠቅልላ አሶሳ እናቷ ዘንድ ገባች፣ ሦስት ወር ከቤት አልወጣችም። ውስጧን ከሚበላት ነገር አንዱን ብቻ ለእናቷ ነገረቻት። «አንድ ጊዜ ድምፅዋን ብሰማና ይቅር በይኝ ብላት» አለች።

የሺሀረግ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። «እንዲህ አይባልም ልጄ። ሙት ይጠራል። በተለይ በቀትር። የጠራሽን ሰው በዓይንሽ ሳታዪ አቤት እንዳትዪ፤ አቤት ካልሽው ይዞሽ ይሄዳል።»

ቆይታ ቆይታ ስርጉት ወደ መንጌ ተመለሰች። አሁን አብራት የምትቆፍረው ብሪቱ የምትባል የባምባሲ ሴት ናት፤ ቀልድ የማታውቅ፣ ቀትር ሲሆን ማንንም ሰው ጉድጓድ የማታስገባ። ሁሉም ማንጎ ሥር ጋደም ሲል ስርጉት በጀሪካን ውኃ ልትቀዳ ትወርዳለች። መንገዱ በተናደው ጉድጓድ አጠገብ ያልፋል። ከእሱ አሥር እርምጃ ርቆ፣ ሌላ ሰው ጀምሮት የተወው ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል።

የመጀመሪያው ቀን፣ እዚያ ስትደርስ ወፉም ፌንጣውም ዝም አለ። ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማለች፣ የራሷ ጥላ እንኳ እግሯ ሥር ገብቶ ጠፍቷል።

«ስርጉት፣ ነይ።»

ከተተወው ጉድጓድ ውስጥ ነው። የሲትና ድምፅ ነው፤ ያው ጉሮሮው ላይ አሸዋ የቀረበት የሚመስለው ድምፅ። የስርጉት ፀጉር ቆመ። አቤት አላለችም። ጀሪካኑን ጥላ እግሬ አውጪኝ አለች።

በሁለተኛው ቀንም ጠራት። በዚያ ቀን አልሮጠችም፣ ቆማ ሰማችው። ስትመለስ ብሪቱ አየት አድርጋት፣ «ምነው፣ ውቃቢሽ የራቀሽ መሰልሽ?» አለቻት። ስርጉት ፀሐይ ነው ብላ አለፈችው።

በሦስተኛው ቀን ድምፁ ቃል ጨመረ።

«ስርጉት፣ ነይ። ተማርኩ።»

ስርጉት እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። እስክትማሪ አትጥሪኝ ብላታለች፤ ልጅቱ ደግሞ እዚያ አፈር ሥር ሆና ተምራ፣ ቃሏን አክብራ ጠራቻት። እንዲህ ተብሎ ማን ይቀራል? የእናቷ ምክር ትዝ ይላታል፤ አቤት አላለችም። እግሯ ግን ከአፏ ቀድሞ መለሰ። ጀሪካኑን አስቀምጣ ወደ ጉድጓዱ ገባች።

መርገጫው እርጥብ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ወረደች። ከታች የሚመጣው ብርድ የጥር ብርድ አይደለም፣ ተዘግቶ የኖረ ቤት ሲከፈት የሚወጣው ዓይነት ነው። አንገቷን አዙራ ቁልቁል ስታይ ጨለማው ውስጥ ጀርባዋን የሰጠች ሴት ተቀምጣለች። ቢጫ ሻሽ አስራለች። የሲትና ሻሽ ነው፣ አፈሩ የተናደባት እሱን አስራ ነው። ቅንጣት አፈር ግን የለበትም።

«ነይ» አለች ሳትዞር። «ትንሽ ነው የቀረሽ። እዚህ ማንም አይስቅብሽም።»

የስርጉት ከንፈር ተላቀቀ። «ይቅር በይኝ» ልትል ነው፤ ከሱ በፊት ግን «አቤት» ማለት አለባት። «አ» ብላ ልትጀምር ስትል ቀኝ ትከሻዋን አንድ ነገር ቸብ አደረጋት። ያማል። የቆፋሪ እጅ ነው።

«አንተ ሴት! ና!»

ከላይ ነው፣ ከጉድጓዱ አፍ። ቀና ብትል ሰማዩ ብቻ ነው፣ ሰው የለም። ከጠርዙ ላይ ግን ደቃቅ ዱቄት መፍሰስ ጀምሯል፤ ዓይኗ ውስጥ ገባባት።

«ነይ እንጂ» አለች የታችኛዋ፣ ለስለስ አድርጋ። «ምን ያስቆምሻል?»

ያን ጊዜ ስርጉት ክው አለች። የታችኛዋ አማርኛ ጥርት ያለ ነው። እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ፣ አንዲት ስህተት የለውም። ሲትና ግን ሙሉ ዕድሜዋን አንድም ቀን ሴት አድርጋ ጠርታት አታውቅም። ታዲያ ይህች ማን ናት? ድምፅዋን ከየት ወሰደችው?

«ስርጉት! ና! ና!»

ወጣች። ለምን ሳትል፣ እንደ ለመደችው፣ ጥፍሯ እስኪነቀል ቧጥጣ ወጣች። ከታች ያለው ነገር ሻሹን እያዞረ መሆኑን በጀርባዋ አወቀችው፤ አላየችውም። ደረቷ ሣሩ ላይ ሲያርፍ ከኋላዋ መሬቱ ተነፈሰ፣ ጉድጓዱም ከነአፉ ገባ።

ብሪቱ ድምፁን ሰምታ እየሮጠች መጣች። ስርጉትን ከሣሩ ላይ አንስታ እጅ እግሯን ዳሰሰቻት፣ ዙሪያውንም አየች። ከአንዲት ጀሪካን በቀር ምንም የለም።

«ማን ጠርቶሽ ወጣሽ?»

«ሲትና።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። ብሪቱ አልሳቀችም። «አቤት ብለሻታል?» አለቻት።

«ጊዜ አልነበረኝም።»

«እንግዲያው ሂጂና በያት። የት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

አዎ፣ ታውቀዋለች። ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ በዚያው ወደ ሲትና እናት ወደ ሀዋ ቤት ሄደች። የቀርከሃው አጥር ጋ ስትደርስ ቆመች። ሀዋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ማሽላ ትለቅማለች። ቀና ብላ ጭቃ የለበሰችውን ልጅ አየቻት፣ መልቀሙንም ተወችው። ማሽላውን ፊቴ ላይ ብትደፋው እንኳ ደግ አደረገች ስትል ስርጉት አሰበች።

«እማማ ሀዋ» አለች ከአጥሩ ውጭ ቆማ፣ «እስክትማሪ አትጥሪኝ ብያት ነበር። በማግስቱ ከላይ አልነበርኩም። እኔ ነኝ።»

«ነግሮኛል» አለች ሀዋ። እሷም ልጇም አማርኛቸው አንድ ነው። «ሲትና ያን ቀን ጠዋት ሻይ ሲጠጣ ‹ነይ፣ ነይ› ይላል፣ ይማራል። ምላሱ እምቢ አለ። ሳቀ። ‹ተወው፣ ስርጉት ዝም ብሎ ይገባዋል› አለ። ከዚያ ሄደ።»

ስርጉት አጥሩን ይዛ ተንሰቀሰቀች። የቀኝ ትከሻዋ አሁንም እንደ እሳት ያቃጥላታል። ሀዋ እስኪወጣላት ጠበቀቻት፤ ከዚያ ማሽላውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ከአጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት።

«ስርጉት» አለች፣ «ና። ግባ።»

«አቤት» አለች ስርጉት፣ ገባችም።