ከዴንማርክ መልስ

ሰኔ ሲገባ ለልጄ የዝናብ ልብስ ልገዛላት ወደ ገበያ ወጥቼ፣ ነጋዴው አንዱን ቢጫ ካፖርት ከላስቲኩ አውጥቶ ፊቴ ላይ ሲዘረጋው፣ ያ አዲስ የጎማ ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሞላውና የቆምኩበት ጠፋኝ። ሰውዬው ዋጋው ያስደነገጠኝ መስሎት «ለእርስዎማ እንቀንሳለን» እያለ ይለማመጠኛል፤ እኔ ግን ደብረ ማርቆስ መኻል ገበያ ላይ ቆሜ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ለሦስት ሳምንት ብቻ ባየሁት ግራጫ ባሕር ፊት ነበርኩ። ከጎኔም ጥሩወርቅ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚወርድ እንዲህ ያለ ቢጫ ካፖርት ለብሳ፣ ዝናቡ ፊቷን እየመታው ትስቃለች።

ጥሩወርቅ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባንድ ዴስክ አብራኝ የተቀመጠች ጓደኛዬ ናት። ትምህርት ቤታችን ዴንማርክ ውስጥ ካለች አንዲት ትንሽ የወደብ ከተማ ትምህርት ቤት ጋር ወዳጅነት ነበረው፤ እነሱ መጻሕፍትና ኳስ ይልኩልናል፣ እኛ ደግሞ በእንግሊዝኛ መምህራችን በቲቸር ኑሩ እጅ እየታረመ፣ ከታረመ በኋላም የእኛ መሆኑ የማይታወቅ የእንግሊዝኛ ሰላምታ እንልክላቸዋለን። አሥራ አንደኛ ክፍል በገባን ዓመት አራት ተማሪና አንድ መምህር ለሦስት ሳምንት እንድንመጣላቸው ጋበዙን። እኔና ጥሩወርቅ፣ ከሌላ ክፍል ደግሞ ሁለት ወንዶች ልጆች ተመረጥን፤ መሪያችን ራሳቸው ቲቸር ኑሩ ሆኑ።

ቲቸር ኑሩ የደሴ ሰው ነበሩ፤ ለሥራ መጥተው ማርቆስ የቀሩ፣ ቤተሰብ ያልመሠረቱ፣ ቀጭን ረጅም ሰው። ኮታቸው ጠመኔ የማይጠፋው፣ በጋ ከክረምት ጃንጥላ የማይለያቸው፣ አንዲት ቃል ሊያስረዱን ብለው ረጅም ተረት ጀምረው ተረቱ ሲያልቅ ቃሏን የሚረሱ፣ እኛም እንዳናስታውሳቸው እርስ በርስ የምንጠቃቀስባቸው ነበሩ።

የጥሩወርቅ እናት እትዬ ይርገዱ ባላቸው የሞተባቸው ጌሾ ነጋዴ ናቸው። ከጥሩወርቅ ሌላ ልጅ የላቸውም። ዴንማርክ ዙሪያዋን ባሕር መሆኗን ከሰሙ ወዲያ «ልጄን ለውሃ አልሰጥም» ብለው ቁርጥ አድርገው እምቢ አሉ። ወንድማቸው አያ ቢያድግ ለመኑ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ቲቸር ኑሩ ጃንጥላቸውን ይዘው ቤታቸው ሄደው፣ ጌሾው መኻል በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው «እንደ ልጄ ወስጄ እንደ ልጄ እመልሳታለሁ» ሲሏቸው፣ እትዬ ይርገዱ ትንሽ አሰቡና «እንግዲህ አደራዬን የምጠይቀው ከእርስዎ ነው» አሉ። በሄድን ጠዋት መናኸሪያ መጥተው የበሶ ቋጠሮ በመስኮት አቀበሉን፤ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እየተከተሉ «ወደ ውሃው ጠጋ እንዳትዪ!» ሲሉ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ጥሩወርቅም አፍራ «ኧረ እማዬ በቃ!» አለቻቸው። ለእናቷ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

ሉማሜ ላይ ሻይ ጠጥተን፣ ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ ስንወርድ ጆሯችን ተደፍኖ፣ ወንዶቹ ልጆች ፈርተው መዝፈን ጀምረው፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አውሮፕላን። የደረስንባት ከተማ ኅዳር ሊገባ ሲል ፀሐይ የማይበረታባት፣ ገና በአሥር ሰዓት የምትጨልም፣ ዝናቧ ከላይ ሳይሆን ከጎን የሚመጣ ነበረች። ትምህርት ቤቱ ለሁላችንም ያን ቢጫ ካፖርት አደለን። እኔና ጥሩወርቅ ያረፍንባቸው ኢንገር የሚባሉ ብቸኛ አሮጊት፣ ረቡዕና ዓርብ እንደምንጾም፣ ቲቸር ኑሩ ደግሞ የአሳማ ሥጋ እንደማይበሉ ከተነገራቸው በኋላ ሁሉንም ቀላቅለው፣ በየጠዋቱ የማብሰያ ሽርጣቸውን እየታጠቁ «ዛሬ ደግሞ የማይበላው ምንድን ነው?» ብለው በከባድ ሐዘን ይጠይቁን ነበር።

እዚያ አገር ጥሩወርቅ ሌላ ሰው ሆነች። ማርቆስ ላይ መልስ እያወቀች እጇን የማታወጣ ልጅ፣ እዚያ የዴንማርክ ሴቶች ልጆች ተሰልፈው ሹሩባ የምትሠራላቸው፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ክፍሉን የምታስቅ፣ የእናቷን ማስጠንቀቂያ ረስታ ባሕሩ ውስጥ እስከ ጉልበቷ የምትገባ ሆነች። አንድ ቀን ከባሕሩ ስንመለስ ስሜን ጠርታ «ትሁን፣ እኔ ግን ሐኪም ሳልሆን አልቀርም» አለችኝ፤ እንደ ምኞት ሳይሆን እንደ ወሬ ነበር የነገረችኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ቲቸር ኑሩን ክፍል ውስጥ እንዳሉ ስልክ ብለው ጠሯቸው። ሲመለሱ ኢትዮጵያን የሚያስረዱበት ተራ ነበርና ካርታው ፊት ቆሙ፤ ዓባይን በጣታቸው መከተል ጀምረው ጎጃም ላይ ሲደርሱ ጣታቸው እዚያው ቀረ፤ ሳያነሡት ስለቆዩ የዴንማርኩ መምህር ውሃ አመጣላቸው። ከዚያ ቀን ወዲያ ተረታቸው ቀረ። አገሩ ሳይስማማቸው ቀርቶ ነው ብለን ከበሷችን ከፍለን በጥብጠን ብንሰጣቸው፣ ብርጭቆውን ይዘው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ጥሩወርቅን ግን ካይናቸው አይለዩዋትም። «በልተሻል? በርዶሻል?» ይሏታል። እናቷ ዘንድ እንዲደወልላት ስትጠይቃቸው «የማርቆስ መስመር ተበላሽቷል አሉ» አሏት፤ የማርቆስ መስመር ደግሞ ሁልጊዜም ይበላሽ ነበርና አመነች።

ለእናቷ ጫማ ልትገዛ የወጣን ዕለትም አብረውን ነበሩ። እትዬ ይርገዱ ቀኑን ሙሉ ቆመው ስለሚውሉ እግራቸው ያብጣል፤ ጥሩወርቅ ውስጡ ሱፍ የሆነ ለስላሳ ጫማ መርጣ፣ እጇን ውስጡ ከታ እየለካች «ቲቸር፣ ይበቃታል ይላሉ?» አለቻቸው። እሳቸውም ጫማውን ተቀበሏት፤ ግራና ቀኙን አገላበጡት፤ «ይበቃታል» አሉና ዝናቡ አላባራም ሳይሉ ከሱቁ ወጥተው መንገድ ላይ ቆሙ።

በመሰናበቻው ዝግጅት ላይ የከተማው ሰው አዳራሹን ሞልቶ፣ ጥሩወርቅ እስክስታ ወረደች። እንዲያ ስትጨፍር አይቻት አላውቅም፤ የጎጃም ትከሻ ምን እንደሆነ ያ አገር ያን ቀን አየ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ያጨበጭባል። ቲቸር ኑሩ ፊተኛው ወንበር ላይ ናቸው፤ ከግራና ከቀኝ ያሉት ሰዎች እየሳቁ ክንዳቸውን ይዘው አስነሧቸውና እሳቸውም አጨበጨቡ።

ማርቆስ ስንደርስ እትዬ ይርገዱ መናኸሪያ አልነበሩም። አያ ቢያድግ «ለኅዳር ማርያም ደብረ ወርቅ ሄዳለች፤ ዛሬ እኛ ዘንድ ታድሪያለሽ» አሏት። ሊቀበሉን የመጡት ጎረቤቶች እሷን ሲስሟት ከእኛ ይልቅ እሷ ላይ ይቆያሉ። እናቴም ወደ ጎን ሳብ አድርጋ «አንቺም ከእሷ ጋር እደሪ» አለችኝ፤ ለምን ስላት «ዝም ብለሽ እደሪ» ብላ ፊቷን አዞረች። ጥሩወርቅ ጫማውን በእናቷ መቀመጫ ሥር ለመደበቅ እያቀደች እንቅልፍ ወሰዳት።

ጎሕ ሲቀድ በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ አያ ቢያድግ፣ ከኋላቸው የንስሐ አባታቸው፣ ከዚያ ነጠላቸውን የዘቀዘቁ ሴቶች ገቡ። ጥሩወርቅ ተነሥታ ቁጭ አለችና አንድ በአንድ አየቻቸው። ማንም አፉን ሳይከፍት «እማዬ ናት?» አለች።

እናቷ ነበሩ። የመጀመሪያው ሳምንታችን ሲያልቅ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጌሿቸውን አሸክመው ለገበያ ሊወጡ ሲሉ ደጃፋቸው ላይ ወድቀው ቀርተው፣ ደብረ ወርቅ ከአባታቸው አጠገብ ተቀብረዋል። የሷን ጩኸት አልጽፈውም።

ቲቸር ኑሩ ያን ቀን ጠዋት ድንኳኑ ገና እየተተከለ ሳለ መጥተው ከወንዶቹ ጋር ጥግ ላይ ተቀመጡ። ለቅሶው ትንሽ ጋብ ሲል ጥሩወርቅ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ሴቶቹ ሊያስቀምጧት ቢሞክሩ ገፍታቸው ሄዳ ፊታቸው ቆመች።

«ቲቸር፣ እርስዎ መቼ ነው የሰሙት?»

«ያን ቀን ስልክ ሲደወል ነው፣ ልጄ።»

«ጫማውን ስገዛ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ስጨፍርስ?»

«አውቅ ነበር።»

«አጨበጨቡልኝ እኮ!»

አያ ቢያድግ ከመቀመጫቸው ተነሥተው «አንቺ ልጅ፣ አደራ እንዳይነግሯት ብዬ የላክሁባቸው እኔ ነኝ፤ በሰው አገር ማን ይይዝሻል? ማን ያለቅስልሻል?» አሏት።

«እርስዎማ እዚህ ነበሩ፣ አያ። ቀብረዋታል፣ አልቅሰዋል። ከእኔ ጋር የነበሩት እሳቸው ናቸው።»

ቲቸር ኑሩ «ለእናትሽ እመልሳታለሁ ብዬ ነበር» አሉ። «መለስኩሽ። ሌላ ምን ማድረግ እንደነበረብኝ እስካሁንም አላወቅሁም።» ጥሩወርቅ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። እሳቸው ግን ድንኳኑ እስኪነሣ በየቀኑ እየመጡ ያችው ጥግ ላይ ተቀመጡ፤ አንድም ቀን አላናገረቻቸውም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ባንዴ ሳይሆን ቀስ እያለ ተበተነ። ጥሩወርቅ ዓመቱን ሳትጨርስ ትምህርቱን ትታ ደብረ ወርቅ አክስቷ ዘንድ ሄደች፤ ዴስካችን ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ቲቸር ኑሩ ዝውውር ጠይቀው ደሴ ገቡ። በሚቀጥለው ዓመት የዴንማርክ ልጆች በተራቸው ሲመጡ ከአውቶቡስ ገና ሳይወርዱ የጠየቁት ጥሩወርቅን ነበር፤ አንዷማ እንድትሠራት ብላ ጸጉሯን አሳድጋ መጥታለች። ርእሰ መምህሩ «ታማለች» አሉ። ወዳጅነቱም ከዚያ ወዲያ እየሳሳ ሄዶ፣ መቼ እንደቆመ እንኳ ማንም ሳይናገር ቆመ።

እኔ ተምሬ መምህር ሆኜ እዚያው ማርቆስ ተመለስኩ። ጥሩወርቅ ደጀን አግብታ፣ አውራ ጎዳናው ዳር ለጭነት መኪና ሾፌሮች ሻይና ምሳ የምትሸጥበት ቤት ከፈተች። ወደ አዲስ አበባ ሳልፍ እወርድና ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ስኳር መወደድ እናወራለን። ስለ ዴንማርክ አናወራም። አንድ ጊዜ ግድግዳው ላይ የባሕር ሥዕል ያለበት ካላንደር ሰቅለውላት አየሁ፤ በሌላ ጊዜ ስመጣ አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ከደሴ የመጣ የሥራ ባልደረባዬ ቲቸር ኑሩ ማረፋቸውን ነገረኝ። በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ደጀን ወረድኩ። ጥሩወርቅ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ለሾፌሮች እየቀዳች ነበር። ትቀመጥ፣ ቤቱ ይጉደል፣ ጎረቤት ልጥራ አላልኩም፤ አጠገቧ ሄጄ «ጥሩዬ፣ ቲቸር ኑሩ አርፈዋል» አልኳት።

«መቼ ሰማሽ?»

«ትናንት።»

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ጀምራው የነበረውን ብርጭቆ ሞላች፤ ለሾፌሩ አቀበለች፤ ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ አግዳሚው ላይ ከጎኔ ተቀመጠች። መኪናዎቹ ከዓባይ በኩል እያቃሰቱ ሽቅብ ይመጣሉ። «ስልካቸውን አግኝቼ ነበር» አለችኝ። «አንድ የደሴ ሾፌር ሰጥቶኝ። ልደውል እልና ምን ብዬ ልጀምር እላለሁ። ከፋሲካ በኋላ እላለሁ። ልጆቹ ፈተና ይጨርሱ እላለሁ።»

«ምን ልትያቸው ነበር?»

«አመሰግናለሁ ልላቸው» አለች። «ልጅ ሆኜ አልገባኝም፤ ወልጄ ነው የገባኝ። እናቴ ከሞተች በኋላ እንኳ ትንሽ ቀን እናት ያላት ልጅ ሆኜ ሰነበትኩ። ያን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ግን እነዚያን ቀናት ብቻቸውን እናቴን ተሸክመው ነው የከረሙት። ስጨፍር እንኳ።»

ከዚያ ተነሥታ ነጠላዋን አወረደችና ዘቅዝቃ ለበሰች። ያን ያህል ዓመት የማውቃት ሴት ስታለቅስ ድምፅ አልነበራትም፤ እንባዋ ብቻ ይወርዳል። አዲስ የገባ ሾፌር ደፉ ላይ ቆሞ አያትና ኮፍያውን አወለቀ፤ «ምነው ጥሩዬ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» አላት።

«አባቴ» አለችው።

ቲቸር ኑሩ ይህችን ቃል ሳይሰሙ፣ እሷ እንደተቀየመቻቸው አምነው ደሴ ላይ ተቀብረዋል።