ዘጠና ሁለት ጊዜ «ከምግብ ጋር»

ረቡዕ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። አማን ከተማ ውስጥ፣ የአንድ ክሊኒክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሐኪሜ ከምወስዳቸው ሁለት የስኳር መድኃኒቶች አንዱን ሰረዘ።

የሄድኩት ለተለመደው ክትትል ነበር። በየሦስት ወሩ ደም እሰጣለሁ፤ ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ መድኃኒቶቹን እንዴት እንደምወስድ ይጠይቀኛል፤ ማዘዣውን ያድሳል፤ እወጣለሁ። ከአሥር ደቂቃ አልፎ አያውቅም። ኮሮና ከገባ ወዲህ ክትትሉ በስልክ ሆኖ ስለነበር ፊት ለፊት ስንገናኝ ከሰባት ወር በኋላ የመጀመሪያችን ነው።

በር ላይ ነርሷ ግንባሬን ለካችና «ግቢ፣ ሐጃ» አለችኝ። እዚህ አገር ፀጉሯ የሸበተ ሴት ሁሉ ሐጃ ትባላለች። ማተቤ በሻርፕ ተሸፍኗል። ክርስቲያን ነኝ ብዬ አላረምኳትም። ከእሑድ ወዲህ ፊት ለፊት ያናገረችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ነበረች።

በዚያን ጊዜ ስዌፍየህ ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። ሥራዬ ለሬዲዮ መዘገብ ነው፤ የምዘግበውም በአብዛኛው በሰው ቤት ስለሚሠሩ የአገሬ ሴቶች ነው። ከኮሮና በፊት ሥራ ማለት አውቶቡስ ውስጥ ማውራት፣ ፋብሪካ ወደሚበዛበት ሳሃብ ሄዶ በር ላይ መጠበቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁሉም በስልክ ሆነ። የመንገዱ ጩኸት እንዳይገባ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ድምፄን እቀዳለሁ። ቀኑን ሙሉ ለመቅጃው ስናገር እውላለሁ፤ ማንም አይመልስልኝም።

ሐኪሙ ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ደብተሬን ሰጠሁት። ሰዓት፣ የስኳር መጠን፣ መድኃኒት፤ ሦስት ዓምድ አለው። ዘጠና ሁለት ቀን ተጽፏል፤ አንድም አልተዘለለም። ቀስ ብሎ ገለጠው።

«ማሻላህ» አለ። «እንዲህ አድርጎ የሚጽፍልኝ በሽተኛ የለም። ጋዜጠኛ መሆንሽ ያስታውቃል።» ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። «የሦስት ወሩ አማካይ ውጤት ግን ከፍ ብሏል። ስምንት ነጥብ አንድ። ይሄኛውን ኪኒን ከሁለት ወደ አራት ሚሊግራም እናሳድገው።»

ይሄኛው ያለው ጠዋት የምወስደውን፣ ስኳርን በኃይል የሚያወርደውን ነው። ብዕሩን አንስቶ መጻፍ ጀመረ።

ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት፣ ዓርብ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቄ ነበር። ስነቃ ጉንጬ ወለሉ ላይ ነው። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ስገባ ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር፣ መለኪያውን ሳገኝ ሰባት ሰዓት ከአምስት። አርባ ዘጠኝ አለኝ፤ እጅግ ዝቅ ያለ ነው። ሁለት ብርጭቆ ጭማቂ ጠጣሁ። ይህን ደብተሩ ላይ አላሰፈርኩትም። የመለኪያ ሰዓቴ ስላልሆነ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ወድቄያለሁ ካልኩ ሐኪሙ ቀጥሎ የሚጠይቀኝን ጥያቄ አውቀው ነበር። ዝም ካልኩ ደግሞ የጣለኝ ኪኒን እጥፍ ሊሆን ነው።

«ዶክተር፣ ያልጻፍኩት ነገር አለ» አልኩት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን ነገርኩት።

ብዕሩን አስቀመጠ። ደብተሩን እንደገና ስቦ ዓርቡን ፈለገ።

«እዚህ ጋ መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ወስጃለሁ ይላል። ያን ቀን ጠዋት ምን በላሽ?»

ማስታወስ አልቻልኩም። የሚታወስ ነገር ስላልነበረ ነው።

«'ከምግብ ጋር' የሚለውን የጻፍኩት ከመድኃኒቱ ፓኬት ላይ ገልብጬ ነው» አልኩት።

«ዘጠና ሁለት ጊዜ?»

«ዘጠና ሁለት ጊዜ።»

«ዜና ላይ እንዲህ ብታደርጊ አለቃሽ ምን ይልሻል?»

«ያባርረኛል።»

«እኔ አላባርርሽም፤ የሚጽፍልኝ አጣለሁ።» ከማስኩ በላይ ዓይኑ ሳቀ፤ ወዲያው ተመልሶ ኮስተር አለ። «ጾም ላይ ነሽ? የእናንተ ጾም ብዙ ነው ሲሉ እሰማለሁ።»

የሚያስከብር ምክንያት አቀረበልኝ። ዕለቱም ረቡዕ ነው። ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አንቀምስም ብዬ ብመልስለት ይበቃው ነበር፤ ለእኔም ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን የንስሐ አባቴ በሽታው በተገኘብኝ ዓመት ጾም ከልክለውኛል፤ ጾም በሌለባቸው ሰኞና ማክሰኞም ራሴን ሲያዞረኝ ነበር።

«ጾም አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ?»

ምግብ አላጣሁም ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኪኒኑን እውጣለሁ። ምግብ እሠራለሁ፣ ወጡን አወጣለሁ፣ ገበታው ላይ አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ እከድነውና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ባደግኩበት ቤት የመጨረሻው ሰው እጁን ታጥቦ ሳይቀመጥ ማዕድ አይነካም፤ ብቻውን የበላ ልጅ አሞሃል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ሰው እንደማይመጣ አውቃለሁ። እጄ ግን ክዳኑን ይመልሰው ነበር። አሥር ሰዓት ገደማ፣ መንቀጥቀጥ ስጀምር፣ ቆሜ እበላለሁ፣ ጭማቂ እደርብበታለሁ፣ ማታ ስኳሩ ይሰቀላል። ይህን ለሐኪሙ በዓረብኛ ባጭሩ ተናገርኩ፤ ብዙም የሚያምር አልነበረም።

አልሳቀም። «ቤት ውስጥ አብሮሽ ማን አለ?» አለኝ።

«ማንም።»

«ጎረቤት?»

«ቆሻሻ ሲያወጡ በር ላይ አያቸዋለሁ።»

«ድሮስ ከማን ጋር ነበር የምትበዪው?»

አንዲት የአገሬ ልጅ እንዳለች ነገርኩት። ኡም ኡዘይና ሰፈር ውስጥ በሰው ቤት ትሠራለች፤ እዚያው ታድራለች። ዕረፍቷ ዓርብ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ እኔ ቤት እየመጣች አብረን በልተናል። ከመጋቢት ጀምሮ አሠሪዋ፣ ማዳሟ፣ በሽታ ታመጪብናለሽ ብላ አላስወጣቻትም። በመስከረም ፈቀደችላት። በጥቅምት ደግሞ ሐዝሩ፣ ማለትም የሰዓት እላፊው፣ ዓርብን ቀኑን ሙሉ ዘጋው።

ሐኪሙ የማዘዣ ወረቀቱን ሳበና ያን ኪኒን በአንድ መስመር ሰረዘው።

«ቁጥርሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢቆይ ይሻለኛል» አለ። «በሐዝር ቀን ብትወድቂ በሩን የሚከፍት የለም። ሌላኛው መድኃኒት ይቀጥል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አይሻለሁ። ደብተሩ ላይ መጀመሪያ የበላሽውን ጻፊ፣ መድኃኒቱን ከዚያ። እና በየቀኑ 'በላሽ ወይ?' የሚልሽ አንድ ሰው እፈልጋለሁ። የማንን ስልክ ልመዝግብ?»

የልጅቱን ቁጥር ሰጠሁት።

«ታነሳለች?»

«ማዳም ከፈቀደችላት።»

እንዲያም ሆኖ መዘገበው። ስወጣ አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ሆኗል።

ማታውኑ መልእክት ላኩላት። ዓርብ፣ ጥቅምት 20፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከስምንት ላይ በቪዲዮ ደወለች። ውጭ መኪና የለም፤ መንገዱ ጸጥ ብሏል። እሷ የማዳሟ ኩሽና ውስጥ ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደግፋ፣ ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆማለች።

«እትዬ፣ ስሜን ለሐኪም ሰጡት አሉ። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴንም ፈለገው እንዴ?»

«ስልክሽን ብቻ።»

«እንግዲህ ሹመት ነው። በሉ ሳህኑን ያሳዩኝ።»

ስልኩን አዞርኩላት።

«ተከድኗል እኮ። ክፈቱት። ምን ይደብቁኛል?»

ከፈትኩት።

«ምስር ነው። ይሄ ሁሉ ለአንድ ሰው?»

«ለሁለት ሰው መሥራት ነው የለመድኩት።»

«የኔን ድርሻ እንዳይነኩት፤ ስኳርዎ ይወጣል። በሉ ይጀምሩ፣ እያየሁ ነው። እንደ ሙሽራ ትንሽ ትንሽ አይቁረሱ።»

ቆረስኩ። እሷም ዳቦ በወይራ ፍሬ ይዛ ነበር፤ ትጎርሳለች፣ ወደ በሩ ታያለች፣ ትጎርሳለች።

«ቁጭ ብለሽ ብዪ» አልኳት።

«ወንበሩ ሳሎን ነው ያለው፣ እትዬ። እነሱ እየበሉ ነው።»

ስለ ቤተ ክርስቲያን ጠየቀችኝ፤ ዓርብ ዝግ እንደሆነ ነገርኳት። የማዳሟ ትንሿ ልጅ «በሉ እንጂ» ማለትን ከእሷ ሰምታ እንደለመደችና እራት ላይ አያቷን እንዳለቻቸው ነገረችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ እሷ አፏን በእጇ ሸፍና።

ከሩቅ የሴት ድምፅ ተጣራ።

«ሃድር፣ ማዳም» ብላ በዓረብኛ እሺታዋን መለሰች፣ ዞር ብላ። ወደ እኔ ተመልሳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ድርሻዎን ይጨርሱት እሺ? ነገ እጠይቃለሁ።»

ስልኩ ሰባት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ተዘጋ። ከድርሻዬ የተረፈውን በስድስት ደቂቃ ጨረስኩ።