የአባቴ ምርቃትና የሲዲ ማጫወቻው ጉርምርምታ

ሲዲ ማጫወቻውን መነካካት የጀመርኩት ለእናቴ ብዬ ነው። ጆሮዋ ከዓመት ዓመት ሲደክምባት፣ "ጭራሽ ሳይዘጋብኝ የአባትህን ምርቃት አሰማኝ" አለችኝ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ድምፁ የቀረን አንድ ሲዲ ላይ ብቻ ነው፤ በእህቴ ሰርግ፣ ድንኳን ውስጥ ቆሞ ሙሽሮቹን ሲመርቅ የተቀዳበት።

ማጫወቻው አሮጌ ነው፣ ድምፁም ቀጭን። እኔ ደግሞ አርፎ መቀመጥ አልፈጠረብኝም። አምፕሊፋየር ቀጠልኩለት፣ ከታክሲ የወጣ ትልቅ ስፒከር ገጠምኩለት። የአባቴ ድምፅ ወፈር ብሎ ወጣ፤ ከሥሩ ግን እርርር የሚል ጉርምርምታ ተከትሎት መጣ።

ከዚያ በኋላ ጤና አጣሁ። ማጫወቻውን ታቅፌ ከየካ አባዶ ቦሌ ሚካኤል በሚኒባስ ተመላለስኩ። አንዱ ጠጋኝ ፓወሩ ነው አለ፣ ቀየርነው። ሌላው ገመዱ ነው አለ፣ እሱንም ቀየርነው። ኤርዝ፣ መሬት የሚቀበረው ሽቦ፣ የለውም ያለኝም አለ፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ የምን ኤርዝ! አንድ ቀን መብራት ሲጠፋ በንዴት በመኪና ባትሪ አስነሳሁት። ጉርምርምታው እንዳለ ነው።

እህቴ መጥታ ብሎን መሀል ተቀምጬ አገኘችኝ።

"ሌላ ሲዲ ሞክረሃል?"

አልሞከርኩም። ለዚያ ለአንዱ ብዬ የሠራሁትን ዕቃ በሌላ መሞከር እንዴት ትዝ ይበለኝ? የልጇን የመዝሙር ሲዲ ከቦርሳዋ አውጥታ ከተተችው። ጥርት ያለ ድምፅ፣ ከሥሩ ምንም የለም።

"ይሄማ ጄኔሬተሩ ነው!" አለች የእኛን ሲዲ መልሳ እየሰማች። "አባዬ እኮ ነው መብራት ይጠፋል ብሎ የተከራየው። ሌባ እንዳይነካው ብሎ ከሽማግሌዎቹ ወንበር ኋላ አስቀመጠው።"

ማጫወቻው ምንም አልነበረበትም ማለት ነው። እንዲያውም ድምፁ ቀጭን ስለነበር ጄኔሬተሩን ሲደብቅልን ኖሯል። ሲዲውን ቦሌ አንድ ስቱዲዮ ወሰድኩት። ልጆቹ ጉርምርምታውን ሲያወጡት ጎርናናው የአባቴ ድምፅም አብሮ ወጣ፤ የተረፈው የማላውቀው ሰው ሹክሹክታ ነው። ከዚህ በላይ አይሆንም አሉኝ። መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ቢሆንም ለእናቴ የገባሁትን ቃል መብላት አልፈለግኩም፤ ዋናውን ሲዲ ከነጉርምርምታው መልሼ ከተትኩት። እናቴን ስፒከሩ አጠገብ አስቀመጥኳት፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ጆሮዋን ለጠፈች። አባቴ "ውለዱ፣ ክበዱ" ይላል፣ ድንኳኑ "አሜን" ይላል። እሷ "አሜን" አላለችም። ፊቷ ላይ ትዕግሥት ብቻ ነው ያየሁት። እህቴ ዓይኔን ሸሸች።

ምርቃቱ አልቆ እልልታው ሲቀልጥ እናቴ ቀና አለችና፦

"ልጄ፣ ይሄን ሞተር አጥፉትና አባታችሁ ይጀምር" አለችኝ።