ያሸግኩት ኑዛዜ

አዳማ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ማመልከቻ ስጽፍ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ወገቤ አልቋል፣ ዓይኔ አልቋል፣ ትዕግሥቴ ደግሞ ከሁለቱም ቀድሞ አልቋል። ባለጉዳይ ዣንጥላዬ ሥር ቁጭ ብሎ ሲያወራኝ ግማሹን ብቻ ነው የምሰማው፤ ቀሪውን አውቀዋለሁ። ወንድም ወንድሙን ይከሳል፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ይከሳል፣ ሁሉም መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ይጠየቃል፤ ዋናው ሰነድ የታለ?

ሰው እውነት ስለያዘ ብቻ የሚረታ ይመስለዋል። ኮፒ ይዞ ይመጣና ዋናውን ሲሉት «ሞጆ አጎቴ ጋ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ ክሱ ከገባ በኋላ፣ በሦስተኛው ቀጠሮ፣ ከኪሱ አንድ ወረቀት መዥረጥ አድርጎ ለዳኛ ይዘረጋል። ዳኛው አይቀበሉትም። ማስረጃ ከክሱ ጋር ተዘርዝሮ ነው የሚገባው። ወረቀትም ይሁን ሰው፣ በዝርዝሩ ላይ ካልተጻፈ እንደሌለ ይቆጠራል። ይህን ለስንት ሰው እንደተናገርኩ እኔና ዣንጥላዬ እናውቃለን።

አንድ ሰኞ ጠዋት አንዲት እናት መጡ። ከመቂ የሚመጣውን ቲማቲም ገበያ ላይ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። በልጅነታቸው አንድ ሰው ቤት ለሥራ ገብተው እዚያው አደጉ፣ እዚያው አረጁ። ልጅ ያልነበራቸውን እኚያን ሰው አርጅተው አልጋ ላይ ሲውሉ ያገላበጡ፣ ያጠቡ፣ በመጨረሻም ያስቀበሩ እሳቸው ናቸው። ሽማግሌውም ሁለት ክፍል ቤታቸውን በኑዛዜ ትተውላቸዋል። አሁን የሟቹ የወንድም ልጆች መጥተው ቤቱ የእኛ ነው፣ ይውጡ ብለዋቸዋል። ሴትዮዋ ከዚያ ቤት ሌላ መግቢያ የላቸውም።

ኑዛዜውን ከተጠቀለለበት ጨርቅ አውጥተው ሲሰጡኝ ክው አልኩ። ላሚኔት ተደርጓል። አራቱም ማዕዘኖቹ በመቀስ ክብ ተደርገው ተቆርጠዋል። በዚህ ከተማ እንዲያ አድርጎ የሚቆርጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እኔ።

ከዣንጥላው በፊት መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ነበረኝ፤ ፎቶ ኮፒና ላሚኔሽን። ያኔ ከተማው በላሚኔት አብዶ ነበር። የጋብቻው፣ የትምህርቱ፣ የቤቱ ካርታ፣ የክርስትናው ወረቀት ሁሉ ይታሸጋል። እኔም መካሪ ነበርኩ፦ «ኮፒውን ምን ያደርግልዎታል፣ ዋናውን ያሽጉት እንጂ፤ ምስጥ አይበላው፣ ላብ አይነካው።» በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እያልኩ ስንቱን ዋና ሰነድ በዚያ ትኩስ ማሽን አሳለፍኩት። እዚህ አጥር ሥር ከመጣሁ በኋላ ነው ጉዱን ያወቅኩት። ተከራካሪ «ይህ የጣት አሻራ የሟቹ አይደለም» ካለ ወረቀቱ ለምርመራ ይላካል። መርማሪው ወረቀቱንና ቀለሙን ማግኘት አለበት። ላስቲኩን ልላጥ ካሉ ደግሞ ወረቀቱ አብሮ ይቀደዳል።

እኔ ወረቀቱን ያመጡበትን ቀን አስታወስኩ፤ ሴትዮዋ ግን ያወቁኝ አልመሰለኝም። ዓመታት አልፈዋል፣ መነጽር አድርጌያለሁ፣ ጠጉሬም ሸሽቷል።

ክሳቸውን በኦሮምኛ ጻፍኩ፤ የፍርድ ቤቱ ቋንቋ እሱ ነው። ከሥሩ የማስረጃ ዝርዝሩን አሰፈርኩ። አንደኛ፣ ኑዛዜው። ሁለተኛ፣ ኑዛዜው ሲደረግ ከነበሩት አራት ምስክሮች በሕይወት የቀሩት አንድ አዛውንት። ሦስተኛ ብዬ ቁጥሩን ጻፍኩና እጄ ቆመ። እዚያ ላይ መግባት የነበረበት የእኔ ስም ነው። «ወረቀቱን ሳይታሸግ አይቼዋለሁ፣ አሻራው ነበረበት፣ ያሸግኩትም እኔ ነኝ» የሚል ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። ግን ፈራሁ። ይህ ከተሰማ ነገ ያሸግኩላቸው ሁሉ ወረቀታቸውን ይዘው ይሰለፉብኛል ብዬ ፈራሁ። ምናልባትም የወንድም ልጆቹ አሻራውን አይክዱ ይሆናል አልኩ። ዝም አይነቅዝም አልኩና ቁጥሩን ሰረዝኩት። ፍሬ ነገሩን ባማርኛ ነገርኳቸው፤ ዝርዝሩን ግን አላነበብኩላቸውም። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉ።

«ገለቶሚ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ» ብለውኝ ሄዱ።

ልጆቹ አሻራውን ካዱ። ወረቀቱ ለምርመራ ሄዶ ከብዙ ቀጠሮ በኋላ ደብዳቤ ይዞ ተመለሰ፤ ሰነዱ በላስቲክ ስለታሸገ መመርመር አልተቻለም ይላል። የልጆቹ ጠበቃ ይህን ሲሰማ ብድግ ብሎ፣ ድሮውንም የታሸገው ሐሰቱ እንዳይታይ ነው አለ። አዛውንቱ ምስክር ተጠሩ። ጆሯቸውም ልባቸውም ከድቷቸዋል፤ ስለ ኑዛዜው ሲጠየቁ ዳኛውን ረጅም ምርቃት መርቀው ወጡ።

እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ሴትዮዋ ከፊት ብቻቸውን ቆመዋል፤ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዷል፣ አላነሱትም። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ያሸግኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ሳይታሸግ አይቼዋለሁ። ልመስክር።»

ጠበቃው ሳቀ። «ይህ ሰው በዝርዝሩ ላይ የለም። ደግሞም ክርክሩን ሁሉ ተቀምጦ ሲሰማ ነው የዋለው፤ ምስክር ውጪ ነው የሚቆየው» አለ። እውነቱን ነው። ይህንኑ ነገር ለስንት ባለጉዳይ የነገርኩ እኔ ነኝ።

ዳኛው መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ «ይህን ዝርዝር የጻፈው ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ የራስህን ስም ለምን አልጻፍክም?»

ሕጉ ማስረጃ ለማዘግየቱ በቂ ምክንያት ላለው ሰው በር ይተዋል። እኔ ምክንያት አልነበረኝም፤ ፍርሃት ብቻ ነበረኝ።  ዳኛው መዝገቡን ከድነው፣ «ታኢ» አሉኝ። ተቀመጥ ማለታቸው ነው። ተቀመጥኩ።

ኑዛዜው በማስረጃነት ተቀባይነት አላገኘም። ቤቱ ለወንድም ልጆቹ ተወሰነ።

ሴትዮዋን አጥሩ ጋ ደረስኩባቸው። ባጃጆች ከግራ ከቀኝ ይጮሃሉ። እሳቸው ወረቀቱን መልሰው በጨርቅ እየጠቀለሉ ነበር። አፍሬያለሁ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «ወረቀቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። መናኸሪያው ጋ የነበረው ሱቅ የእኔ ነው። መጀመሪያ የመጡ ዕለት አውቄው ነው የደበቅሁዎት።»

ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ድካም ብቻ ነው ያየሁባቸው።

«አንተ መሆንህን መች አጣሁት ልጄ» አሉ። «እዚህ አጥር ሥር ይህ ሁሉ ጸሐፊ እያለ፣ እየጠያየቅሁ አንተን ፈልጌ የመጣሁት ለምን ይመስልሃል? ወረቀቴን በደህናው ጊዜ ያየው እሱ ነው፣ ምስክሬ እሱ ነው ብዬ አይደለም እንዴ?»

ጥቅሉን በብብታቸው ያዙት።

«ያን ዕለት ጣቴን ሳሳርፍ እኮ፣ ስምህ እላዩ ላይ ያለ መስሎኝ ነበር።»