የሰንጉ እናት

ማልሱንን የማያውቅ ሰው በሶልጎል መንደር ቢገኝ ትናንት የገባ ሙሽራ መሆን አለበት። ምላሷ ስል፣ እጇ ፈጣን፣ ሳቋ ከማሳው ማዶ የሚሰማ ሴት ነበረች። ከጋምፖ ወደብ፣ ከዓሣ አጥማጅ ቤት ተድራ የመጣች ሰሞን፣ «የባሕር ልጅ ነጭ ሽንኩርት መንቀል ከየት ታውቃለች? መረብ ትጥልበት ይሆናል እንጂ!» ብለው ሳቁባት። እሷም አብራቸው ሳቀች። በሁለተኛው ጸደይ ግን ከጎኗ መስመር ይዞ የሚነቅል ሰው ጠፋ፤ ሁሉንም ጥላቸው ትሄዳለቻ!

በሶልጎል ያገባች ሴት በገዛ ስሟ አትጠራም፤ ነውር ነው። እስክትወልድ በመጣችበት አገር፣ ከወለደች በኋላ በልጇ ነው የምትጠራው። ማልሱን ሁለት ጽንስ ወርዶባት ነበርና ዓመታት ሙሉ «የጋምፖዋ» ስትባል ኖረች። ከእሷ ኋላ የተዳሩት «የእገሌ እናት፣ የእገሊት እናት» እየተባሉ ሲያልፏት አንገቷን ደፍታ ሽንኩርቷን ትነቅላለች። በመጨረሻ ሰንጉ ተወለደና «የሰንጉ እናት» ሆነች። ጉድ እኮ ነው፣ መጠሪያውን እንዴት እንደወደደችው! ከመንገድ «የሰንጉ እናት!» ብለው ሲጠሯት ቶሎ አትመልስም ነበር። ሰምታ እንዳልሰማች ዝም ትላለች፤ ሁለተኛ እንዲጠሯት ነዋ።

ሰንጉ ረዥም፣ ዝምተኛ፣ እናቱ ስትቀልድ ከንፈሩን ነክሶ የሚስቅ ልጅ ነበር። እንደ እኩዮቹ ዋና ከተማ ካልሄድኩ ብሎ አላስቸገረም፤ ከመንደሩ ወረድ ብላ ባለችው ከተማ የከብት መኖ ፋብሪካ ተቀጠረ። አንድ ቀን መኖው በትልቁ የብረት ጎተራ ውስጥ ተጋግሮ አልወርድ አለና «ገብተህ ስበረው» ተባለ። ሥራው የሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ከላይ ቆሞ ገመዱን መያዝ አለበት። የላኩት ግን እሱን ብቻ ነው። ከታች ያለውን የመኖ መውረጃም የዘጋው የለም። መኖው ሲናድ ይዞት ወረደ።

ፋብሪካው ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ማንም ሳያዘው በራሱ ፈቃድ ገባ» አለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ በመንደሩም «ጠጥቶ ነበር አሉ» የሚል ሹክሹክታ ተነሣ። አይ ሰው! ሰንጉ እኮ ሁለት ስኒ የሩዝ ጠላ ግድግዳ አስደግፎ የሚያስተኛው ልጅ ነበር።

ከወላጁ ቀድሞ፣ ያውም ሳያገባ የሞተ ልጅ በእኛ ዘንድ በየዓመቱ ስም እየተጠራ የሚሰገድበት የሙት ማዕድ አይዘረጋለትም። አባት ለልጁ ተንበርክኮ አይሰግድም፤ የሚሰግድለት ልጅ ደግሞ አልወለደ። መቃብርም አልተማሰለትም፤ አስከሬኑን አቃጥለው አመዱን ጋምፖ ባሕር ላይ በተኑት። ስሙ የሚጠራበት ቀን የለ፣ የሚቀረጽበት ድንጋይ የለ። የመንደሩ ሴቶችም ቁስሏን ላለመንካት ብለው፣ ማንም ሳይመክርበት፣ «የሰንጉ እናት» ማለቱን ተዉትና እንደ ሙሽርነቷ ዘመን «የጋምፖዋ» አሏት። ክፋት አልነበረም፤ አዝነውላት ነው። እሷ ግን በጠሯት ቁጥር ልጇ እንደገና ይሞትባት ነበር። ባሏ ጆንግማንማ ጭራሽ መጥራቱን ተወው። «ስሚ» ብቻ ሆነ። ስሚ፣ ውኃ አምጪ፤ ስሚ፣ በሩን ዝጊ።

ልጁ ከሞተ በሦስተኛው ዓመት፣ በምርጫው ጸደይ፣ ማልሱን ዝም ማለት አቅቷት የልጇን ፎቶ ታቅፋ ፋብሪካው በር ላይ እንደተቀመጠች ለፕሬዚዳንትነት ከሚወዳደሩት አንዱ መጣ። እኛ ሰዎቹን በምርጫ ወረቀቱ ቁጥር ነው የምንጠራቸው፤ ይኼኛው ቁጥር አንድ ነበር። ከነካሜራ ጭፍራው ደርሶ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከና እጇን ያዘ።

«እናቴ፣ ምን ላድርግልዎት?»

ሌላ ሰው ቢሆን ስንቱን በጠየቀ። እሷ ግን «ስሙን ይጥሩልኝ» አለችው። «አገር በሚሰማበት ቦታ ከነቤተሰብ ስሙ ፓክ ሰንጉ ብለው ይጥሩልኝ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም ይበሉልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«በቴሌቪዥኑ ክርክር ላይ እጠራዋለሁ። ቃሌ ነው» አላት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እንባው የውሸት ነው አልልም፤ የማላውቀውን አልናገርም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሶልጎል ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ የቁጥር ሁለት ፓርቲ አገር ነው። ለቁጥር አንድ ድምፅ የሰጠ ሰው ቢገኝ መነጽሩን ረስቶ ነው። በዚያ ላይ የክርክሩ ሰዓት በሌላው ጣቢያ የዘፈን ውድድር የሚተላለፍበት ሰዓት ነው፤ በመንደሩ አዳራሽ ደግሞ ከዘፈን ውድድሩ የሚበልጥ ሃይማኖት የለም።

«አንቺ የጋምፖዋ፣ አብደሻል?» አሏት የአዳራሹ እመቤት እትዬ ፓንሱን፣ ሰማንያን ያለፉ አሮጊት፣ ሪሞቱን ጉያቸው ውስጥ ሸጉጠው። «ዛሬ እኮ ያ ቆንጆው ልጅ የሚዘፍንበት ቀን ነው። የእነዚህን ቅጥፈት ከምሰማ ሟቹ ባሌ ተነሥቶ ቢዋሸኝ ይሻለኛል!»

«በሞቴ እትዬ፣ ለዛሬ ብቻ!»

«ሰውየው የኛ ሰው እንኳ አይደለም» አለ ኦ የተባለው የመንደሩ ሊቀመንበር ከወንዶቹ በኩል፣ የካርታ ጨዋታውን ሳያቆም። የእህቱ ልጅ ፋብሪካው ውስጥ አለቃ ነው። «እነሱ ሲፈልጉሽ ይመጣሉ፤ ካለፈላቸው አያውቁሽም። ዝም ብትይ ይሻልሽ ነበር።»

«ሦስት ዓመት ዝም ብዬ ምን አተረፍኩ?» አለች ማልሱን። «ስሙን ይጠራዋል። ጠጥቶ ነበር ያላችሁ ሁሉ በጆሯችሁ ትሰማላችሁ። ካልጠራው እኔ ማልሱን ሁለተኛ የዚህን አዳራሽ ደጃፍ አልረግጥም!»

እትዬ ፓንሱን ሪሞቱን ከጉያቸው አውጥተው ሰጧት።

ጆንግማን ግን ከቤት አልወጣም። «የልጄ ስም በሌቦች አፍ ሲታኘክ አልሰማም» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። አልተጣላችውም። ከእህቷ የተላከላትን የደረቀ የጋምፖ ዓሣ ጠብሳ ይዛ ብቻዋን ሄደች።

«ይኼ ጉቦ ነው» አሉ እትዬ ፓንሱን፣ ከሳህኑ ትልቁን እያነሡ። «ደግሞም ጥሩ ጉቦ ነው።»

መስኮቶቹ ተከፍተዋል፤ ከሩዙ ማሳ የእንቁራሪቶች ጩኸት ይገባል። ቀኑን ሲነቅሉ የዋሉት ሴቶች እጃቸው ታጥቦም ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ቴሌቪዥኑ ላይ ተወዳዳሪዎቹ ቆመዋል፤ ከእያንዳንዳቸው ሥር የቀራቸው የመናገሪያ ሰዓት ይቆጥራል። ሰዓቱን የጨረሰ ሰው ድምፅ ማጉያው ይዘጋበታል። ሕጉ ይኸው ነው፣ ለማንም አያዳላም።

«የዚህን ሰውዬ ክራቫት ማን ነው ያሰረለት?»

«ማን ያስርለታል? ሚስቱ አኩርፋዋለች አሉ።»

«ይኼኛው ድልድይ እሠራላችኋለሁ ያለን አይደል? ወንዙ ደረቀ፣ ድልድዩ ግን እስካሁን መንገድ ላይ ነው።»

ማልሱን አልሳቀችም። ከቁጥር አንድ ሥር ያለውን ሰዓት ብቻ ታያለች። ስለ ግብር አወሩ፣ ስለ ቤት ኪራይ አወሩ፣ እሷ ጠበቀች። ሰዓት ገና አለው፤ መጨረሻ ላይ ሊያደርገው ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች።

በመሃል ቁጥር ሁለት ፈገግ ብሎ አንድ ጥያቄ ጣለ። «የሚስትዎ ወንድም መሬት በገዙ ማግሥት የመንግሥት መንገድ በዚያው መሬት በኩል ያለፈው በአጋጣሚ ነው?»

አዳራሹ ሞቀ። «ወጋው! ብሎታል!» አለ ሊቀመንበር ኦ፣ ካርታውን ወለሉ ላይ እየመታ። ቁጥር አንድ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። መሬቱ የተገዛው መቼ እንደሆነ አስረዳ፤ ቁጥር ሁለት ያንኑ መልሶ ጠየቀው፤ እሱም ያንኑ መልሶ አስረዳ። ወረቀት አውጥቶ አውለበለበ። ሰዓቱ ከሥሩ እንደ ቀዳዳ እንስራ ይንጠባጠባል።

«ተወው» አለች ማልሱን። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር። «ተወው የኔ ጌታ፣ መሬቱን ተወውና ወደ ልጄ ና!» እጆቿን ጉልበቷ መሃል ጨምቃ ወደ ቴሌቪዥኑ ተንፏቀቀች። ሰውየው ግን ክብሩ ተነክቶ ነበር። ክብሩ የተነካ ወንድ ደግሞ ቃል የገባላትን ሴት አይደለም፣ የወለደችውንም አያስታውስም። ስለዚያ መሬት ተናግሮ፣ ተናግሮ፣ ሰከንዶች ሲቀሩት ከእንቅልፉ እንደባነነ ሰው ቀና ብሎ ካሜራውን አየ።

«አንዲት እናት አለች» አለ። «ልጇ በመኖ ፋብሪካ ጎተራ ውስጥ ብቻውን ሞተባት። ስሙን እጠራለሁ ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ። የዚያ ልጅ ስም—»

ድምፁ ጠፋ።

ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። ማልሱን አየችው፤ አፉ ሲከፈት፣ ሲገጥም፣ እንደገና ሲከፈት። የልጇን ስም ይሁን ሌላ ነገር ማን ያውቃል። ክርክሩን የሚመራው ሰውዬ «ሰዓትዎ አልቋል» አለ በትሕትና።

ቁጥር ሁለት ገና ሰዓት ነበረው። «ክቡር ተወዳዳሪያችን የነበራቸውን ሰዓት ሁሉ በሚስታቸው ወንድም መሬት ላይ ዘርተው ጨረሱት» አለ። «እንግዲህ አዝመራውን ደግሞ ቤተሰቡ ይጨደው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እትዬ ፓንሱን ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ። ማን አጠገባቸው እንደተቀመጠች ትዝ ያላቸው ከሳቁ በኋላ ነው። አንዷ ሌላዋን በክርኗ ነካች፤ ሳቁ ከሴቶቹ በኩል እየሞተ ሄደ። መጨረሻ ላይ የቀረው ሊቀመንበር ኦ ነበር፤ ብቻውን ሲስቅ ራሱን ሰማና በሳል ሸፈነው።

ማልሱን ተነሣች። ሪሞቱን በሁለት እጇ ለእትዬ ፓንሱን መለሰችላቸው።

«ዘፈናችሁን አሳለፍኩባችሁ።»

«ተቀመጪ እንጂ!» አሮጊቷ ቀሚሷን ያዙ። «አንቺ የጋም...» ብለው አልጨረሱትም። ሌላውን ስም ሊሉ አፋቸው ድረስ መጣ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ እንዴት አድርገው ይጀምሩት? ቀሚሷን ለቀቁት። በሩ ላይ ካሉት ጫማዎች መሃል የራሷን ስትፈልግ ያናገራት የለም።

መንገድ ላይ ስልኳ ጮኸ። የቁጥር አንድ ረዳት ነኝ ያለችው ሴት ናት።

«እናቴ፣ በጣም ይቅርታ፣ ሰዓት አልቆብን ነው። እሳቸውም እጅግ አዝነዋል።»

«በሚቀጥለው ክርክር ይጠሩታላ?»

«የሚቀጥለው ስለ ውጭ ጉዳይ ስለሆነ... ከርዕሱ መውጣት አይፈቀድም። ቅዳሜ ግን ሰልፍ አለን፤ ፎቶውን ይዘው መድረክ ላይ ቢወጡልን—»

«ቆይ እስቲ» አለች ማልሱን። «የልጄ ስም ማን ነው?»

ከስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማል። ማልሱን ስሙ እስኪገኝ አልጠበቀችም፤ ዘጋችው።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ውሸት ነው። እስከ ቤቷ ድረስ አንዲት ጠብታ አልወጣትም። ተቃጥላ ነበር፤ በሰውየው፣ በመሬቱ፣ በዚያ ደንቆሮ ሰዓት፣ ከሁሉም በላይ በራሷ። ልጄን ለመሳቂያ ያቀረብኩት እኔው ነኝ አለች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ግን ፊቷን በመዳፏ አባበሰች። ጆንግማን አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቃታል፤ ምን እንደምትመልስለት ወስናለች።

ክፍሉ ውስጥ መብራት የለም፤ የግቢው አምፖል ብቻ በወረቀት በተለበደው መስኮት በኩል ያበራል። ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ ነው።

«ስሚ» አላት። «ጠራው?»

«ጠራው።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን! ፓክ ሰንጉ አለ፤ ጥርት አድርጎ። ጥፋቱ የልጁ አይደለም አለ። አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ፤ እትዬ ፓንሱን እንኳ ሳይቀሩ።»

ማልሱን በጨለማው ሹራቧን ስታወልቅ ሚዛኗን ሳተችና ጥግ ላይ ያለው የቤቱ አሮጌ ቴሌቪዥን ጀርባ ላይ ተደገፈች። ጀርባው ይሞቃል። ገና አሁን የተዘጋ ነው። እጇን ሳታነሣ ቆመች። ጆንግማን አይቷል፤ የሰውየውን ከንፈር አይቷል፣ ቀልዱንም ሰምቷል።

ባሏ ከግድግዳው ዞሮ ተነሥቶ ተቀመጠ።

«እኔም ሰማሁት» አለ። «አሳምሮ ጠራው፣ የሰንጉ እናት።»

ማልሱን እንደ ድሮዋ፣ ሰምታ እንዳልሰማች፣ ጀርባዋን ሰጥታው ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ዞራ አየችው። ጆንግማን ሁለተኛ ሊጠራት ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም።