ቆርቆሮዋን ዘግይታ ያወረደች ሴት

ይህን ታሪክ ሳልጽፈው ልቀር ነበር። በፍርሃት ጊዜ በእግዚአብሔር ስለ መታመን ያነበብሁት ብዙ፣ የኖርሁት ግን ጥቂት ነውና ደስታነሽን አሳንሼ እንዳላሳያት ሰጋሁ።

ደስታነሽ ከወላይታ ወደ ሰበታ ከመጣች ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። በክር ፋብሪካ በፈረቃ እየሠራች፣ ከገበሬው ከኦቦ ጎበና ካርታ በሌለው የመንደር ውል በገዛችው ቦታ ላይ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት አቆመች። ባሏ ካረፈ ወዲህ ከልጇ ከጣቢታ ጋር የምትኖረው በዚያ ነው። በግንቦት አንድ ሰኞ ከሥራ ስትመለስ ግድግዳዋ ላይ ቀይ ምልክት ተቀብቶ አገኘች፤ በሳምንቱ ይፈርሳል ማለት ነው።

ጎረቤቶቿ በማግሥቱ ጣሪያቸውን ማውረድ ጀመሩ። ዶዘር የጨፈለቀው ቆርቆሮ ሌላ ቤት አይከድንምና ሰፈሩ ይህን ከለመደ ቆይቷል። እርሷ ግን አልነካችውም። በቤት ኅብረታቸው ጸሎት ላይ ትንቢት የሚናገረው ወንድም ታመነ እጁን ጭኖባት፣ "ቤትሽን የሚነካው የለም ይላል ጌታ። አንዲት ሚስማር ብትነቅዪ ግን አላመንሽም" ብሏት ነበር። ስለዚህ ጾመች፤ ጸለየች። ልቧ ግን ይርድ ነበር፤ መራዱንም እንደ ኃጢአት ቆጥራ ይቅርታ ትለምን ጀመር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ኦቦ ጎበና የሚስማር መንቀያ ይዘው መጡ።

"አካም፣ ደስታነሽ? ሰፈሩ ሁሉ ራሱን ገልጦ ያንቺ ቤት ብቻ ባርኔጣውን አላወለቀም።"

"ጌታ ይጠብቀዋል፣ ኦቦ።"

"ይጠብቀው እንጂ። እኔም የምለምነው እሱኑ ነው። ግን ሰማዩ ሲጠቁር ያጨድሁትን ጤፍ እከምራለሁ። እስካሁን 'ጎበና ካደኝ' ብሎ አልተቀየመኝም።"

"አንቱ የወንድም ታመነን ቃል አልሰሙም።"

"ሰምቻለሁ። ታመነ ተከራይ ነው፤ የሚያስጨንቀው ቆርቆሮ የለውም።"

ሳቅ ሊያመልጣት ሲል እንባዋ ቀደመ። "ብነቅለውና ጌታ ሊያተርፈው አስቦ ቢሆንስ?"

"ካተረፈውማ መልሰን እንመታዋለን።"

እሺ አላለችም። ሽማግሌው መንቀያውን ደጃፏ ላይ ትተውላት ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ዶዘሩ ከአስፋልቱ ወደ ሰፈሩ ሲታጠፍ አየች። መሰላል አስደግፋ ወጣችና፣ "ጌታ ሆይ፣ ብታተርፈውም ባታተርፈውም ያንተ ነኝ" ብላ የመጀመሪያውን ሚስማር ነቀለች። ኦቦ ጎበናና ጎረቤቶቿ ሮጠው ደረሱላት። የጣሪያውን አንድ ወገን እንዳወረዱ አፍራሾቹ ውረዱ አሏቸው። የቀረው ከግድግዳው ጋር በዓይኗ ፊት ተጨፈለቀ።

ጣቢታ በአቧራው ውስጥ የእናቷን ቀሚስ ይዛ፣ "እማ፣ ጌታ አልሰማሽም እንዴ?" አለቻት።

"ሰምቶኛል። ምን ብሎ እንደመለሰልኝ ግን ገና አልገባኝም።"

አሁን የምትኖረው በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። የተረፈው ቆርቆሮ በኦቦ ጎበና ግቢ ተደርድሯል፤ የሚያርፍበት ቦታ ግን የላትም። ወደ ኅብረቱ ትሄዳለች፤ ታመነ ትንቢት ሲጀምር ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች፤ ለብቻዋ ስትሆን ትጸልያለች። አሁንም ትፈራለች፤ መፍራቷን ግን ከእግዚአብሔር አትደብቅም። እንዲህ ያለ እምነት ቤት አላተረፈላትም። ክብር ግን ይገባዋል።